ሞላ ከማስገጠምህ በፊት

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ሰነበትህ? ቤተሰቡስ ደህና ነው? ስንት ጊዜ ተጠፋፋን! ወሬህን የምሰማው ከእህትህ ብቻ ሆኗል። ሰሞኑን ደውላ ሁለት ነገር ነገረችኝ። ጉልበትህ እንደተሻለህ ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ሁለተኛው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ያቺ ሲትሮይን ሲኤክስህ ኋላዋ ወድቆ ቆማለች አሉ። ስትነዳም እንደ ጋሪ ታንገጫግጫለች። መካኒኩም “ሃይድሮሊኩን ነቅለን ሞላ እንግጠምላት” ብሎሃል። እባክህ ይህን አንብበህ ሳትጨርስ እሺ እንዳትለው።

ሲትሮይን ይህን በሞላ ፈንታ መኪናን በዘይትና በጋዝ ግፊት የሚይዝ አሠራር በአራቱም ጎማ ላይ ገጥሞ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1955 ዲኤስ በተባለችው መኪናው ነው። ዋናው ሰው ፖል ማዤስ የሚባል መሐንዲስ ነበር። ሮልስ ሮይስ ሳይቀር በ1965 ላወጣት ሲልቨር ሻዶ ለከፍታ ማስተካከያና ለፍሬን የሚሆነውን ሃይድሮሊክ ከሲትሮይን ፈቃድ ወስዶ ተጠቅሞበታል። ታዲያ ይህን ነቅሎ መጣል ምቾትን ብቻ የሚነካ እንዳይመስልህ። የሲኤክስ ፍሬንም በዚሁ ግፊት ነው የሚሠራው። የኋላው ፍሬን እንዲያውም ግፊቱን የሚወስደው ከኋላው ሰስፔንሽን (መኪናዋን በጎማዎቹ ላይ ከሚይዘው ክፍል) ነው፤ ጭነት ሲጨምር የኋላው ፍሬን አብሮ የሚጠነክረው ለዚህ ነው። ሞላ ተገጥሞ ይህ ሲቀየር ፍሬንህን ማን ያስተካክልልሃል? እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

አሁን ወደ በሽታው። እህትህ የነገረችኝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ መካኒኩ ግን አንድ አድርጎ ያያቸው ይመስለኛል። መውደቅ ሌላ፣ ማንገጫገጭ ሌላ ነው። መኪናዋን ከፍ አድርጎ የሚይዛት ዘይቱ ነው። የሚያለሰልሳት ደግሞ በየጎማው በኩል በተገጠሙት የብረት ኳሶች ውስጥ ያለው ናይትሮጅን የሚባል ጋዝ ነው። ጋዝና ዘይቱን የሚለያቸው አንድ የጎማ ሽፋን ብቻ ነው፤ ጋዙም በዓመታት ውስጥ በዚያ ጎማ አልፎ ቀስ እያለ ይወጣል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ የታወቀ ነው። ኳሶቹ እንደ ጎማ ጊዜያቸው ሲደርስ የሚቀየሩ ዕቃዎች ናቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ በእጅህ ሞክር። ሞተሩን አስነሳ፣ ከፍታዋን በመደበኛው ላይ አድርገው፣ ትንሽ ጠብቅ። የፊቱን ፓራውልት በሁለት እጅ ተጫነው። ጤነኛ ከሆነች በቀላሉ ወደ ታች ትሄዳለች፣ ረጋ ብላም ትመለሳለች። አልነቃነቅ ካለችህ በዚያ በኩል ያሉት ኳሶች ጋዛቸው አልቋል። ኋላውንም መነሳት ከቻለ እንዲሁ ፈትሸው።

ቀጥሎ ጆሮህን ተጠቀም። ኮፈኑን ክፈትና ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ አድምጥ። ከግፊት መቆጣጠሪያው “ጠቅ” የሚል ድምፅ ትሰማለህ። ግፊቱ ወደ 170 ባር ሲደርስ ፓምፑን ያሳርፈዋል፤ ወደ 145 ባር ሲወርድ መልሶ ያሠራዋል። ፍሬንም መሪም ሳትነካ በሁለት ጠቅታ መካከል ያለውን ሰከንድ ቁጠር። ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ከቆየ ደህና ነው። በየሁለት በየሦስት ሰከንዱ ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ ግን ወይ መቆጣጠሪያው ላይ ያለችው ዋናዋ ኳስ ባዶ ናት፣ ወይ ዘይቱ በሆነ ቦታ ውስጥ ለውስጥ እያመለጠ ነው። ለመለየት ሞተሩን አጥፋና ቁልፉን መልሰህ ክፈት፤ ከዚያ ፍሬኑን ደጋግመህ ርገጥ። በጥቂት ርግጫ ቀዩ የግፊት መብራት ከበራ ዋናዋ ኳስ አልቃለች። እሷን ሳትቀይር መንገድ አትውጣ። ሞተሩ ድንገት ቢጠፋ ለፍሬንህ የተጠራቀመ ግፊት የምትይዝልህ እሷ ናት።

የኋላው መውደቅ ደግሞ የራሱ መንገድ አለው። ሌሊቱን ቆማ ብትወርድ አትደንግጥ፣ በዚያ ዘመን ሞዴል ያለ ነው። ሞተሩ እየሠራ አልነሳም ስትል ነው ችግሩ። ውስጥ ያለውን የከፍታ ማንሻ ወደ ላይኛው አድርገው። ኋላዋ በዚያ ላይ ተነስቶ በመደበኛው ላይ የሚወድቅ ከሆነ ዘይቱ ይደርሳል ማለት ነው። እንግዲያው ጥርጣሬህ የኋላው ከፍታ መቆጣጠሪያና እሱን ከማመዛዘኛው ዘንግ (የግራና የቀኝ ጎማውን ከሚያያይዘው ብረት) ጋር የምታገናኘው ቀጭን ብረት ላይ ይሁን። እዚያ ጭቃና ውኃ ያገኘዋል፣ ዝገት ይይዘዋል፣ መገጣጠሚያው ይደርቃል። ብዙ ጊዜ ማጽዳትና ግሪስ መቀባት ይበቃዋል። በምንም መንገድ ካልተነሳች ግን ወይ መቆጣጠሪያው ራሱ ተጣብቋል፣ ወይ ወደ ኋላ የሚሄደው ቱቦ ዝጎ ተቀዷል። ከሥሯ ወረቀት ዘርጋና አረንጓዴው የሃይድሮሊክ ዘይት የት እንደሚንጠባጠብ እይ።

እዚህ ላይ ግን አደራ። በሃይድሮሊክ ወይም በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር አትግባ። ድንገት ነው የምትወርደው። የሚያፈስ ቱቦንም በጣትህ አትፈልግ። በዚያ ግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ ይበሳል። ካርቶን አስጠጋ፣ እሱ ያሳይሃል። ክፉ አይንካህና ዘይቱ ቆዳህን ቢበሳ፣ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያክል እንኳ ወዲያው ሐኪም ቤት ሂድ።

ዘይቱንም እይልኝ። የምትጠቀመው ኤልኤችኤም የሚባለውን አረንጓዴ ማዕድናዊ ዘይት ነው። መጠኑ የሚታየው ሞተሩ እየሠራ፣ መኪናዋ በላይኛው ከፍታ ላይ ሆና ነው። አረፋ ከበዛበት ከዘይቱ ጋን ወደ ፓምፑ የሚሄደው የጎማ ቱቦ ተሰነጣጥቆ አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል። በጋኑ ውስጥ ያሉትን ማጣሪያዎችም አውጥተህ በቤንዚን እጠባቸው፣ በአየር ንፋቸው። ማንም ቢመክርህ የተለመደውን የፍሬን ዘይት አትጨምር። ጎሚኒዎቹን (ዘይት እንዳያመልጥ የሚዘጉትን ጎማዎች) ሁሉ ያበላሻቸዋል። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ሌሎች መኪኖች ስለሚለያዩ ይመስለኛል። የቀድሞዎቹ ዲኤሶች ቀይ ዘይት ነበራቸው፣ ሲልቨር ሻዶም ከአንተው የተለየ ነው የምትጠቀመው። የአንተዋ ግን አረንጓዴ ብቻ።

ኳስ ወደ መቀየር ከደረስክ መጀመሪያ ወደ ታችኛው ከፍታ አውርዳት፣ ሞተሩን አጥፋ፣ የግፊት መቆጣጠሪያው ላይ ያለችውን ብሎን ትንሽ ላላ አድርገህ ግፊቱን ልቀቅ። አዲስ ጎሚኒ አድርግ፣ በዚያው ዘይት አርጥበው። አዲሷን ኳስ በእጅህ ብቻ አጥብቃት፤ ግፊቱ ራሱ ይይዛታል። በቁልፍ የጠበቀች ኳስ በኋላ ስትፈታ ታስለቅሳለች።

መካኒክህን አልወቅስም። ይህን አሠራር የማያውቅ ሰው ሲፈራው አይገርምም፤ ጎበዝ ከሆነ ይህንን አብራችሁ አንብቡትና ከጎንህ ይሥራ። በጠቅታዎቹ መካከል ስንት ሰከንድ እንዳገኘህና ኋላዋ በላይኛው ከፍታ ተነስቶ እንደሆነ ጻፍልኝ። ከዚያ የቱ ዕቃ እንደሚገዛ አብረን እንወስናለን። ለእናትህና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አክባሪ ወንድምህ