ለልጄ፣ ትምህርት ቤት ከመምረጥሽ በፊት

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የላክሽልኝን የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ዝርዝር ደጋግሜ አየሁት። ክፍያውን፣ ደረጃውን፣ ተመራቂው የት እንደሚቀጠር ጽፈሻል። አንቺን እንዴት እንደሚቀበሉሽ ግን ዘለልሽው። ለእኔ ብለሽ እንደሆነ ገብቶኛል።

ሴት እንደምታፈቅሪ የነገርሽኝ ቀን መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ለማንም እንዳትናገሪ» ነበር። የጠበቅኩሽ መስሎኝ ነው። በኋላ የስልክ ወሬያችንን ማስታወስ ጀመርኩ። «ቅዳሜ እንዴት ዋልሽ?» ስልሽ «ጓደኞቼ መጥተው ነበር» ትይኛለሽ። ሁሌም ጓደኞቼ። «መጣች» ካልሽ ሊታወቅብሽ ነው፤ «መጣ» ካልሽ ልትዋሺ ነው። አንዷን ሴት «እነሱ» እያልሽ ሁለት ዓመት ሸፈንሻት። ይህ ምን ያህል እንደሚያደክም አላሰብኩም ነበር።

ቢዝነስ ትምህርት ቤት ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ድካም አይመችም። ግማሹ ትምህርት ከክፍል ውጭ ነው። እስከ እኩለ ሌሊት የቡድን ሥራ አለ፣ እራት አለ፣ ጉዞ አለ፣ ከቀጣሪ ጋር ቆሞ ማውራት አለ። ኔትወርክ የሚሉት ነገር የሚሠራው ሰው ስለ ራሱ ሲያወራ ነው። የምትደብቂው ካለ ዝም ትያለሽ፤ ዝም ስትይ ደግሞ ኩራተኛ ይሉሻል።

ቲም ኩክ በአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ኤምቢኤውን፣ ማለትም የቢዝነስ ማስተርሱን፣ የጨረሰው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑን በአደባባይ የጻፈው በ2014፣ አፕልን እየመራ ነው። 26 ዓመት! ስታንፎርድ ቢዝነስ የተማረው ጆን ብራውን ደግሞ ወንድ እንደሚያፈቅር ለረጅም ዓመታት ደብቆ ቢፒ የተባለውን የእንግሊዝ ነዳጅ ኩባንያ መራ። ከፍቅረኛው ጋር እንዴት እንደተዋወቀ ለፍርድ ቤት በመዋሸቱ በ2007 ሥራውን ለቀቀ። ያን ሁሉ ዓመት መደበቅ ባይኖርበት የሚዋሽበት ምክንያት አይኖረውም ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተሻሽሏል። ሀርቫርድም፣ ዋርተንም፣ ለንደን ቢዝነስ ስኩልም እንዳንቺ ያሉ ተማሪዎች ማኅበር አላቸው። ሪቺንግ አውት ኤምቢኤ የሚባለው፣ እንዳንቺ ያሉ የቢዝነስ ተማሪዎችን የሚያግዘው ድርጅት በየዓመቱ ጉባኤ ያዘጋጃል፤ ከትምህርት ቤቶቹ ጋር ሆኖም የነፃ ትምህርት ዕድል ይሰጣል። አመልክቺ፤ እኔን ብለሽ እንዳትተዪው።

ማኅበር መኖሩ ብቻውን ግን አያሳምነኝም። ብሮሹር ላይ ሁሉም ፈገግ ይላል። ስትጎበኚ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጊና ጠይቂ፦ ለኢንተርንሺፕ (ለተማሪዎች የልምምድ ሥራ) ስታመለክቱ የማኅበሩን ስም ሲቪያችሁ ላይ ትተዉታላችሁ ወይስ ታጠፉታላችሁ? መልሱ ሲዘገይ ልብ በይ። ወንድም ሴትም የሚያፈቅሩትንም ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ ማኅበር ውስጥ እንኳ እነሱን የሚያስታውስ የለም። የጥናት ጉዞው ሕጉ እንዳንቺ ያለውን ወደሚያስርበት አገር ከሆነስ? አልሄድም ብትይ ውጤትሽ ይነካል? ባለትዳር ተማሪ ሚስቱን ይዞ በሚመጣበት እራት ላይ አንቺስ ይዘሻት ትገቢያለሽ?

«ለማንም እንዳትናገሪ» ያልኩሽን ተይው። በምረቃሽ ቀን ከእሷ ጎን መቀመጥ እፈልጋለሁ። ስሟን እኮ እስካሁን አልነገርሽኝም።

እናትሽ