የለመደው ሰውነታችሁ አይደለም

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ስለ አንቲባዮቲክ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆም አልኩ፤ «ሰውነት መድኃኒቱን ሲለምደው መሥራት ያቆማል» ይላል። ይቺን ነገር ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ! እኔም ራሴ «አሞክሳሲሊን ሰውነቴ ለምዶታል፣ ጠንከር ያለ ይታዘዝልኝ» ብዬ ከሐኪም ጋር የተጨቃጨቅኩበት ቀን አለ።

የሚለምደው ሰውነታችን አይደለም፣ ባክቴሪያው ነው። ቃላት ስንጠቃ እንዳይመስላችሁ። ነገሩ ሰውነቴ ውስጥ ብቻ ያለ ከመሰለኝ የራሴ ጣጣ ነው ብዬ እተወዋለሁ። ባክቴሪያው ግን ከእኔ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ዕድሜ ልኩን አንድ ክኒን ያልዋጠ ሰው እንኳን መድኃኒት በማይበግረው ጀርም ሊታመም ይችላል።

ፔኒሲሊንን እንይ። ባክቴሪያ ዙሪያውን ግድግዳ አለው፤ ሲያድግና ለሁለት ሲከፈል ያንን ግድግዳ እያፈረሰ መልሶ ይገነባል። ፔኒሲሊን ግድግዳውን የሚገነባውን ኢንዛይም (ሥራውን የሚያከናውነውን ፕሮቲን) ይይዘዋል፤ ማፍረሱ ይቀጥላል፣ ግንባታው ይቆማል። ግድግዳው ይሳሳል፣ ውኃ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ባክቴሪያው ይፈነዳል። የእኛ ሴሎች እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌላቸው አይነካቸውም። ቫይረስም የለውም፤ ለጉንፋን አንቲባዮቲክ መዋጥ ከንቱ የሆነውም ለዚሁ ነው። ሌሎቹ አንቲባዮቲኮች ሌላ ቦታ ይመታሉ፤ ቴትራሳይክሊን ለምሳሌ የባክቴሪያውን ፕሮቲን መሥሪያ ያግዳል።

«መላመድ» የሚለው ቃል ራሱ ትንሽ ያሳስታል። ሰው ብርድን ቀስ በቀስ ይለምዳል። ባክቴሪያ ግን መድኃኒቱን እየቀመሰ አይጠነክርም፣ ይሞታል። ሚስጥሩ ያለው ብዛቱ ላይ ነው። ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ከተመቸው በ20 ደቂቃ ለሁለት ይከፈላል፤ ዲኤንኤው በተገለበጠ ቁጥር ስህተት ሊገባ ይችላል፤ አብዛኛው ስህተት አይጠቅመውም፣ ከስንት አንዱ ግን መድኃኒቱ የሚይዘውን ቦታ ቅርፅ ይቀይረዋል፣ ወይ መድኃኒቱን ወደ ውጭ የሚተፋውን ፓምፕ ያበረታዋል። መድኃኒቱ ሲመጣ ሌላው ያልቃል፣ እሱ ይተርፋል፣ ቦታውም ምግቡም የእሱ ይሆናል። ይባስ ብሎ እንዲህ ያለውን ጂን ፕላስሚድ በምትባል ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት ለጎረቤቱ ማቀበል ይችላል፣ ጎረቤቱ ሌላ ዝርያ ቢሆንም እንኳን። ፈተና ላይ መልስ እንደማቀበል በሉት።

አዲስ ነገርም አይደለም። ፔኒሲሊንን የሚሰብረው ኢንዛይም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1940 ነው፣ መድኃኒቱ ገና ገበያ ሳይወጣ። ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግም በ1945 የኖቤል ንግግሩ ላይ መጠኑን አሳንሶ መውሰድ መድኃኒቱ የማይበግራቸው ጀርሞች እንዲፈጠሩ እንደሚያደርግ አስጠንቅቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞተው ሰው 1.27 ሚሊዮን ገደማ እንደሆነ ይገመታል።

እኔ ግን መሳቢያዬ ውስጥ ግማሹ ቀይ ግማሹ ቢጫ የሆነ የተረፈ እንክብል አላጣም ነበር። በሦስተኛው ቀን ሲሻለኝ እተወዋለሁ፣ ቀሪውን ለክፉ ቀን አስቀምጣለሁ፣ ጉሮሮዬን ሲከረክረኝ ሁለት እውጣለሁ። ያ ሕመም ቫይረስ ከነበረ (ብዙውን ጊዜ ደግሞ ነው) እንክብሎቹ የሚመቱት አንጀቴ ውስጥ ምንም ሳያጠፉ የተቀመጡትን ባክቴሪያዎች ነበር። ከእነሱ ውስጥ ለማምለጥ የሚያበቃ ጂን ያለው ይበዛል፤ ነገ እውነተኛ በሽታ አምጪ ሲመጣ ጂኑን የሚያቀብለው ያገኛል ማለት ነው። ሰውነቴ ምንም አልለመደም፤ ሳላውቀው ዘር ስመርጥ ነበር።

እባካችሁ ያቺን ዓረፍተ ነገር አርሟት። «ሰውነት» የሚለውን አውጥታችሁ «ባክቴሪያ» ብትሉ ይበቃል።

የዘወትር አንባቢያችሁ