የፎቶግራፍ ክበብ፦ ሽማግሌው ሌንስ የገባበት ዓመት

ዘንድሮ ሥራ የጀመርነው በስብራት ነው። በጥቅምት ወር ብቸኛው ሌንሳችን ከጠረጴዛ ላይ ወድቆ ለሁለት ተከፈለ፤ ካሜራው ተረፈ። ለሌላ ሌንስ የሚሆን በጀት አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር ክበቡን ልዘጋው አስቤ ነበር።

ያዳኑን የአንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪያችን አያት ናቸው። በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረት ተምረው ሲመለሱ ያመጡትን ዜኒት የተባለ የፊልም ካሜራ በነጠላ ጠቅልለው ላኩልን። ፊልም ባይኖረንም ሄሊዮስ 44-2 የተባለው ሌንሱ አቧራው ሲጠረግ እንደ ምንጭ ውኃ ጠራ። አገጣጠሙ እንደ ብሎን በጥርስ የሚዞር፣ 42 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነው፤ በእኛ ካነን ካሜራ ላይ ለመግጠም አንዲት ቀጭን የብረት ቀለበት በቃችው። ሌንሱ ከፊልሙ 45.46 ሚሊ ሜትር መራቅ ይፈልጋል፤ የካነናችን አፍ በፊልም ፈንታ ብርሃኑን ከሚቀበለው ሴንሰር የሚርቀው 44 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጎደለውን ቀለበቷ ትሞላለች። በውስጣቸው መስታወት ባላቸው የኒኮን ካሜራዎች ላይ ርቀቱ 46.5 ስለሆነ ያው ሌንስ በተራ ቀለበት ሩቅ ተራራ አያጠራም። ይህን በማስመሪያ ሲለኩ የዋሉት በፊዚክስ ክፍለ ጊዜዬ የሚያንቀላፉት ልጆች ናቸው!

ከዚያ ወዲያ ካሜራው አላገዘንም፤ ሁሉም በእጅ ሆነ። ሌንሱ ለብርሃን መግቢያው ብቻ ሁለት ቀለበቶች አሉት፤ አንዱ የመግቢያውን ልክ ይወስናል፣ ሌላው ይከፍታል፣ እስከዚያ ልክ ይዘጋል። ቁጥሩ ሲያንስ መግቢያው ይሰፋል። በ2 ከፍተው ምስሉን ያጠራሉ፣ ወደ 5.6 ዘግተው ያነሳሉ። መዝጋቱን የረሳ ፎቶው በብርሃን ታጥቦ ይወጣል። ሁሉም ረስተዋል፤ እኔም ጭምር።

ሆን ብለን በ2 ያነሳናቸው የግቢያችን ጥበቃ ናቸው። የዓይናቸው ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ከኋላቸው ያለው የባሕር ዛፍ ቅጠል እንደ አዙሪት ይሽከረከራል፤ ጆሯቸው ግን ጭጋግ ውስጥ ገብቷል። ፎቶውን ሲያዩ «ልጆቼ፣ ጆሮዬን የት አደረሳችሁት?» አሉን።

ጣጣውም አልቀረም። የሌንሱ የትኩረት ርቀት 58 ሚሊ ሜትር ቢሆንም በእኛ ትንሽ ሴንሰር ላይ እንደ 93 አጥብቦ ስለሚያይ፣ የአንድ ክፍል ተማሪዎችን ሁሉ ለማንሳት ሜዳውን አቋርጠን አጥሩን መደገፍ ነበረብን።

በወላጆች ቀን አያትየው መጡ። ካሜራውን ሰጠናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን አቁመው ቀለበቱን ሳያዩ በጣታቸው አዞሩት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫኑ። ከዚያም አውራ ጣታቸው በካሜራው ቀኝ ትከሻ ላይ የፊልም ማዞሪያውን ስትፈልግ አየኋት።