ልጄ፣ ዛሬውኑ ደውል

የኔ ጌታ፣ እንዴት ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን፤ የአባትህም ወገብ ተሽሎታል። እህትህ ሁሉንም ነገረችኝ። አሠሪህ ደመወዝህን የሚያስገባልህ የደመወዝ ካርድህ ጠፍቶ፣ አንተ የማታውቀው 140 ዶላር ወጥቶበታል። አንተ ደግሞ «እረፍት ሳገኝ አየዋለሁ» ትላለህ አሉ። እንዳልጨነቅ ብለህ እንደደበቅከኝ ገብቶኛል። አሁን ግን ተጨንቄያለሁና ስማኝ።

ካርዱን ለሰጠህ ባንክ ዛሬውኑ ደውል። እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ ሕግ አለ፤ የደመወዝ ካርድም በሱ ይጠበቃል። ካርድህ መጥፋቱን ባወቅክ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ካሳወቅክ ቢበዛ የምትከስረው 50 ዶላር ነው። ካሳለፍከው እስከ 500 ሊደርስ ይችላል። የሂሳብ ዝርዝሩ ከተላከልህ በኋላ ከ60 ቀን በላይ ዝም ካልክ ደግሞ፣ ከዚያ ወዲያ ለሚወሰደው የሚመልስልህ ላይኖር ይችላል። ነገ አትበል።

አያትህን አታውቃቸውም። ፋብሪካ ሲሠሩ ደመወዝ በመስኮት ነበር የሚሰጠው። መዝገቡ ላይ በአውራ ጣታቸው ይፈርማሉ፤ ከኋላ ያለው ሰልፈኛ ቢጮህም እዚያው ቆመው ይቆጥራሉ። አንድ ወር እኔ ኩፍኝ ይዞኝ ስለነበር ሳይቆጥሩ ወደ ቤት ሮጡ። ማታ አልጋው ላይ ዘርግተው ሲቆጥሩት 5 ብር ጎደለ። በማግስቱ ሲሄዱ «ፈርመሃል» ተባሉ፤ በቃ። 5 ብር ያኔ ቀላል አልነበረም። ቤት ሲመለሱ ምንም አልተናገሩም፤ ግንባሬን ዳብሰው ትኩሳቴን ብቻ ጠየቁ። እስከ ዛሬ በእኔ ምክንያት እንደሆነ ይሰማኛል።

እሳቸው የሚሄዱበት ቦታ አልነበራቸውም። አንተ አለህ። ካሳወቅክ ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ አጣርቶ መልስ መስጠት አለበት። ተጨማሪ ጊዜ ከፈለገ ገንዘቡን በጊዜያዊነት ሂሳብህ ላይ አስገብቶ ነው ማጣራቱን የሚቀጥለው። በስልክ ከነገርካቸው በኋላ በጽሑፍም ላክላቸው፤ ካልላክህ ጊዜያዊውን ገንዘብ ሊከለክሉህ ይችላሉ። ያነጋገረህን ሰው ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ደብተር ላይ ጻፍ።

ሌላም አለ። አለቃህ «በዚህ ካርድ ካልሆነ አንከፍልም» ማለቱ አናዶኛል። አይችልም! ደመወዝህን በአንድ በመረጡት ካርድ ብቻ ተቀበል ብለው ሊያስገድዱህ ሕጉ አይፈቅድም። በትሕትና፣ ግን በጽሑፍ፣ «ዳይሬክት ዲፖዚት አድርጉልኝ፤ በቀጥታ ወደ ራሴ የባንክ ሂሳብ አስገቡልኝ» በል። የካርዱን የክፍያ ዝርዝርም ጠይቃቸው። ቀሪ ሂሳብ ለማየት ብቻ ኤቲኤም ላይ የሚያስከፍል ካርድ አለ፤ ላብህን በሳንቲም በሳንቲም ይጨርሱታል።

ልጄ፣ ሌሊት ፈረቃ እየሠራህ እንደሚደክምህ አውቃለሁ። ቢሆንም ሳትተኛ ደውል። ጨርሰህ ለእኔ ደውልልኝ፤ ሥራ ላይ ብሆንም አነሳለሁ። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅቻለሁ፣ አዲሱን የአፓርታማ ቁጥርህን ላክልኝ።

እናትህ