«ጠቅ» ብላ ዝም ያለችው ፊያት

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ያለፈው እሁድ የመኪናዬን ድምፅ ላሰማህ ብዬ ስልኩን ሞተሩ ላይ ደግኜ ነበር። አንተ ደግሞ «ሃሎ? ሃሎ? ዝናብ ነው እንዴ?» አልክ። እህቴ ስልኩን ተቀብላህ «ተይው፣ አይሰማውም» አለችኝ። ሰይቼንቶ ታክሲ በመንገዱ ማዶ ስታልፍ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለህ «ያቺ አንድ ካንዴላዋ አይሠራም» የምትለው ሰውዬ! እንግዲያውስ ድምፁን ጽፌ ልኬልሃለሁ። መነጽርህን አድርግ።

መኪናዋን በፎቶ አይተሃታል። «ይህን አሮጌ ብረት ምን ያደርግልሻል?» ያልከኝ ቀይዋ ናት። ፊያት 124 ስፓይደር፣ እንደ ፈረንጆቹ የ1969 ሥሪት። ሞተሯ 1438 ሲሲ ነው፤ እንደ ሰይቼንቶ ከኋላ ሳይሆን ከፊት ነው የተቀመጠው። ሞተሩን የነደፈው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ፊያት ከመግባቱ በፊት የፌራሪ ሞተሮችን ይሠራ ነበር። ይህን ለእማዬ እንዳትነግራት። ፌራሪ የሚለውን ከሰማች ዋጋዋን መጠየቅ ትጀምራለች።

የሜሪላንድን ብርድ ፈርቼ ከኅዳር እስከ መጋቢት ጋራዥ ውስጥ አቆምኳት። ሚያዝያ ላይ ገብቼ ቁልፉን አዞርኩ። «ጠቅ።» አንዴ ብቻ። ከዚያ ዝም። እንደገና አዞርኩ። «ጠቅ።»

እኔም ወዲያው ሄጄ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ቀየርኩት። «ጠቅ።» አራት ካንዴላ አዘዝኩ። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ሳይዞር እሳት የሚጭረው ካንዴላ ምን ያደርጋል? ሞተሪኖ ራሱን ላዝዝ ስል ነው ያቺ የድሮዋ ማታ ትዝ ያለችኝ። «ባትሪ ያዢልኝ» ብለኸኝ አንተ ከመኪናው ሥር ተኝተህ፣ እኔ እጅህ ላይ ሳበራ «እጄን አታብሪ፣ የማየውን አብሪ!» ብለህ ጮህክብኝ። አልቅሼ ነበር፣ ታስታውሳለህ? አታስታውስም መሰለኝ።

ስለዚህ እቃ መግዛቱን ተውኩና ማየት ጀመርኩ። ቁልፉን እያዞርኩ የፊት መብራቱን አየሁት። አልደበዘዘም! ባትሪ ቢሞት ይደበዝዝ ነበር። ሞተሪኖው ተጣብቆ ኤሌክትሪኩን ቢጎትትም እንደዚያው። የኔው ግን ቦግ እንዳለ ቀረ። ባትሪው ላይ በቮልት መለኪያ ለካሁ፤ 12.6። ጎረቤቴን ቁልፉን እንዲያዞርልኝ ለምኜ ስለካ 12.4። ይህ ማለት ሞተሪኖው አልበላም። ምግቡ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ከዚያ የመለኪያውን አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አደረግሁ። ቁልፉ ሲዞር ከግማሽ ቮልት ማለፍ የለበትም። 9 ቮልት አሳየኝ! በዚያው ቅጽበት የቾኩን ሽቦ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ለማስነሳት የምስበውን፣ ስነካው ግሏል። ኤሌክትሪኩ ዋናው መንገድ ተዘግቶበት በቾኩ ቀጭን ሽቦ ሊያልፍ ሲታገል ነበር። ማሳው ነው፣ አባዬ። ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ሽቦ ብሎኑ ሥር አረንጓዴ ሆኖ ዝጓል። ፈትቼ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። የሁለት ብር ሥራ ነው። እኔ ባትሪ ገዝቼበታለሁ።

መሃል ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርህ። ያገኘሁት የጥገና መጽሐፍ በጣሊያንኛ የተጻፈ ነው። ልመልሰው ስል ገለጥ ገለጥ አደረግሁትና ደነገጥኩ፤ እያነበብኩት ነው! ካንዴላ ይላል፣ ቺንጋ ይላል፣ ቦቢና ይላል፣ ፑንቲና ይላል፣ ማሳ ይላል። ልጅ ሆኜ እነዚህን ሁሉ አማርኛ ነበር የሚመስሉኝ። እዚህ አገር መጀመሪያ መለዋወጫ ቤት ገብቼ «ካንዴላ» ብል ሻጩ ሻማ የፈለግሁ መስሎት ነበር።

ማሳውን ካሰርኩ በኋላ ሞተሪኖው «እርር፣ እርር፣ እርር» እያለ ዞረ። ደስ ብሎኝ ጎረቤቴን አቀፍኩት። ግን አልነሳም። አንተ ሁሌ እንደምትለው ቤንዚን ወይ እሳት። ካንዴላ ፈታሁ፤ ጫፉ እርጥብ ነው፣ ቤንዚን ይሸታል። ስለዚህ ቤንዚን የሚያቀርበውን ካርቡራተር አልነካሁትም፣ እጄ ግን እያሳከከኝ ነበር። የጋራዡን በር ከፍቼ ሽታው እስኪወጣ ጠበቅሁና አንዱን አዲስ ካንዴላ ሞተሩ ብረት ላይ አስደግፌ አስዞርኩ። ብልጭታ የለም።

ለካንዴላዎቹ ኃይለኛ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ቦቢና ላይ ለካሁ። በአንዱ በኩል 12 ቮልት ይገባል። ኤሌክትሪኩን እየቆረጠ የሚቀጥለው ፑንቲና በሚገጥምበት በሌላኛው በኩል፣ ሞተሩ ሲዞር ወደ ዜሮ እየወረደ መውጣት ነበረበት። እሱ ግን 12 ላይ ደርቆ ቀረ። የፑንቲናውን ክዳን ከፈትኩ። ፑንቲናው ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ለዓይን ምንም የለበትም። ፊቱ ላይ ግን በአምስት ወር ውስጥ ግራጫ ነገር ለብሷል፤ ሲዘጋም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በስሱ ሞረድኩት። ክፍተቱ ወደ 0.4 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ መለኪያው ደግሞ የለኝም። አንተ አራት ምላጭ ደርበህ ስትለካ ትዝ አለኝ። አንዱ ምላጭ 0.1 ሚሊሜትር ነው። ያን ጊዜ ድህነት ይመስለኝ ነበር እንጂ ሒሳቡ ልክ መሆኑን መች አውቄ!

በሁለተኛው ሙከራ ተነሳች። መጀመሪያ «ቱፍ» ብላ አነጠሰች፣ ከዚያ ሳታቋርጥ መሥራት ጀመረች። ጎረቤቴ አጨበጨበ። እኔ ግን አንተ ሳትሰማት በመነሳቷ ትንሽ ከፋኝ።

አሁን ግን ሌላ ነገር አለ፣ የጻፍኩልህም ለዚሁ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ከነዳኋት በኋላ ትጠፋለች። አጠፋፏን ልብ በል፤ ቤንዚን እንዳለቀበት መኪና እየተንገጫገጨች አይደለም። ልክ ቁልፉን እንዳጠፋሁት፣ በአንዴ ቁርጥ። ሞተሪኖው ያኔም «እርር፣ እርር» ይላል፣ ብልጭታ ግን የለም። ግማሽ ሰዓት ስትቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ቦቢናውን በእጄ ስነካው መያዝ አይቻልም፣ ይፋጃል። ግን ደህናውም ይግላል፣ አይደል? ከፑንቲናው ጋር የሚሠራው ኮንደንሰርም ሊሆን ይችላል ብዬ ጠረጠርኩ።

የቱ ይመስልሃል? ለእህቴ ንገራትና ትጻፍልኝ። እስከዚያ ምንም አልገዛም። ያቺ ፑንቲና የምትሞርድባት ትንሿ ሞረድ ሳጥንህ ውስጥ ካለች ደግሞ ለሰው እንዳትሰጥብኝ፤ ለገና ስመጣ እወስዳታለሁ።

ልጅህ