ፉርጎውን ላሜራ አታልብሱት

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጅማ ሐዲድ የላትም። መስመር ይዘረጋል ሲባል ሰምተናል፤ ባቡሩን ግን እስካሁን አላየነውም። ታዲያ የጅማ አናጢ ስለ ፉርጎ ምን አገባው ትሉ ይሆናል።

ባለፈው ዓመት ለዘመድ ሠርግ ወደ ምሥራቅ ወርጄ ነበር። በድሮው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር መስመር አጠገብ፣ አንድ ግቢ ውስጥ (የማን እንደሆነ ልተወው) አሮጌ የጭነት ፉርጎ ቆሟል። ከሥር ብረት፣ ጎኑና ወለሉ ጣውላ። የሙያ ነገር ሆኖ እጄ አላስቀምጥ አለኝ፤ ጠጋ ብዬ ነካካሁት። መሃሉ እንደ አጥንት ጠንክሯል፣ ጥፍር አይገባውም። ከታች፣ ብረቱ ላይ በሚያርፍበት ጠርዝ ግን እንደ ደረቀ ዳቦ ፍርክስክስ አለ። ዝናቡ በጎኑ ወርዶ እዚያ ይጠራቀማል፤ መውጫ የለውም። የጣውላ ጫፍ ደግሞ ውኃ ይመጥጣል።

ዘበኛውን ምን ሊያደርጉት እንደሆነ ጠየቅኩት። «ላሜራ ይለብስና ቀለም ይቀባል» አለኝ። ክው አልኩ! ላሜራው እርጥበቱን አፍኖ ይይዘዋል። ከውጭ አዲስ ይመስላል፣ ከውስጥ ዱቄት ይሆናል። በዚያ ላይ የብየዳ ፍንጣሪ ደረቅ ጣውላ ላይ ሲያርፍ አስቡት።

ሥራው ከጣራው ነው የሚጀምረው፤ ውኃው ካልቆመ ሌላው ድካም ከንቱ ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ጣውላ ፎቶ ይነሳ፣ በጠመኔ ቁጥር ይጻፍበት። የበሰበሰው ጫፍ ብቻ ተቆርጦ ተመሳሳይ ደረቅ እንጨት ይቀጠልለት፤ ደህናው አይነካ። ከታች ውኃ መውጫ ቀዳዳ ይበጅለት። የተቃጠለ ዘይትም አይቀባ። እኛም አጥር ላይ እንቀባዋለን፣ ለአጥር ግድ የለም። ፉርጎ ላይ ግን የድሮውን ጽሑፍ አጥቁሮ ያጠፋዋል፣ በኋላም ቀለም አይዝም።

ለምን አገባኝ? በቡናችን ምክንያት ነው። ባቡሩ ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ1909 ዓ.ም ነው። የመኪናው መንገድ ሳይመጣ ከጅማው ሂርማታ ገበያ የተነሳ ቡና በሲራራ ነጋዴ በቅሎ ተጭኖ አዲስ አበባ ይደርስ ነበር። ከዚያ በኬሻ እንደዚህ ባለ ፉርጎ ተጭኖ ጅቡቲ። እኛ ባንሳፈርም ቡናችን ተሳፍሯል።

የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው፤ የአዲሱ 1.435። ስለዚህ ይህ ፉርጎ አዲሱ መስመር ላይ አይሄድም፤ ለሥራ ብሎ የሚንከባከበው ሰው የለም። ወደ ጅማ ይምጣልን አልልም፣ ቦታው እዚያው ሐዲዱ ላይ ነው። እኔና ሁለት ባልደረቦቼ ግን መላጊያና መጋዛችንን ይዘን እንመጣለን። አበል አንጠይቅም፤ የመኪና መሳፈሪያና ጣውላ ከቻሉልን ይበቃል። ብቻ ክረምቱ ሳይገባ ይጥሩን፤ ላሜራውም እስከዚያ ይቆይ።

አንድ አናጢ፣ ከጅማ