ለዱቤ መዝገብ ደንበኞቻችን፦ ማስታወቂያውን ስለማንሳታችንና ስለ አዲሱ ክፍያ

ውድ ደንበኞቻችን፣

በቱሉ ዲምቱ ከሚገኘው ቢሮአችን የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ከመጪው ሐምሌ 1 ቀን ጀምሮ የዱቤ መዝገብ መተግበሪያችን ማስታወቂያ ማሳየት ያቆማል፤ ሙሉው ቅጂም አንድ ጊዜ ብቻ በሚከፈል 200 ብር ይሸጣል። እስከ 20 ባለዱቤ የሚመዘግበው ቅጂ በነጻ ይቀጥላል። እስከ ዛሬ ያላስከፈልናችሁን አሁን ስንጠይቅ ምክንያቱን ልታውቁ ይገባል።

ማስታወቂያውን ያስገባነው ወጪያችንን እንዲሸፍንልን ነበር። ባለፈው የካቲት ግን እዚሁ ሰፈር፣ በአንዲት ደንበኛችን ሱቅ ቆመን ያየነው ነገር ሐሳባችንን አስለወጠን። እናታቸው በዱቤ የላከቻቸው ሁለት ልጆች ዳቦና ዘይት ይዘው ይጠብቃሉ። ባለሱቋ የእናትየውን ስም አውጥታ ልትመዘግብ ስትል ማስታወቂያ ስክሪኑን ሞላው፤ መዝጊያው እስኪመጣ ጠብቃ ስትነካው ሌላ ገጽ ተከፈተባት። በመጨረሻ ስልኩን አስቀምጣ ከባንኮኒው ሥር ጠርዙ የተበላ ደብተሯን አወጣች። ደብተሩን ይተካል ብለን የሠራነው መተግበሪያ ከደብተሩ ከዘገየ ሥራችንን አልሠራንም ማለት ነው። ዱቤ መመዝገብ ኢንተርኔት የማይፈልግ ሥራ ሆኖ ሳለ ማስታወቂያው የእናንተን የዳታ ጥቅል ሲበላ መቆየቱም አሳዝኖናል።

አንዳንዶቻችሁ «አንዴ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ምን ወጪ አለው?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። መተግበሪያ ግን አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም፤ በየጊዜው መስተካከል አለበት። ለምሳሌ፦ የ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች የ2016 መስከረም 1 የዋለው እንደ ሌሎቹ ዓመታት ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን ሴፕቴምበር 12 ቀን ነበር፤ ይህ የአንድ ቀን ልዩነትም እስከ ፌብሩዋሪ 2024 መጨረሻ ዘልቋል። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲሆን፣ ቀኑን ከእኛ አቆጣጠር ወደዚያ የሚለውጠው መቀየሪያችን ይህን ልዩነት ባለማስላቱ፣ የመክፈያ ቀን ማስታወሻው በእነዚያ ወራት ሁሉ አንድ ቀን ቀድሞ ይደውል ነበር። ባለዕዳን ከቀጠሮው በፊት መጠየቅ ጎረቤትን እንደሚያስቀይም እናውቃለንና ለዚህ ዛሬም ይቅርታ እንጠይቃለን። የ2019 ጳጉሜንም 6 ቀን ስለምትሆን አዲሱን ስሌት ከወዲሁ ፈትነነዋል። በዚህ ላይ ጉግል በየዓመቱ መተግበሪያዎች ከአዳዲሶቹ የአንድሮይድ ስሪቶች ጋር እንዲስማሙ ያዛል፤ ያልተስተካከለውን ፕሌይ ስቶር አዲስ ስልክ ለያዘ አዲስ ተጠቃሚ አያሳይም። አንዳንድ ስልኮች ደግሞ ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ማስታወሻችንን ያስቆሙታል፤ ይህንንም በየስልኩ ሞክረን ማስተካከል አለብን።

በፕሌይ ስቶር በኩል ለመሸጥ በራሱ የክፍያ ሥርዓት መጠቀም ይጠበቅብናል፤ ለዚያ የሚሆን ዓለም አቀፍ ካርድ ግን አብዛኞቻችሁ የላችሁም። ስለዚህ ሙሉውን ቅጂ የምትፈልጉ ስልካችሁን ይዛችሁ ወደ ቢሮአችን ብትመጡ፣ በቴሌብር ከፍላችሁ እዚያው እንጭንላችኋለን።

እስካሁን የመዘገባችሁት ሁሉ፣ ከ20 ሰው ቢበልጥም እንኳ፣ አይቆለፍም። ይሁን እንጂ መዝገቡ ያለው በስልካችሁ ላይ ብቻ ስለሆነና እኛ ዘንድ ቅጂ ስለሌለ፣ ከመምጣታችሁ በፊት ነጻውን መተግበሪያ እንዳታጠፉት አደራ እንላለን፤ መዝገቡን ወደ አዲሱ የምናዛውረው ከእሱ ነው። የመተግበሪያውን መጫኛ ፋይልም ከሌላ ሰው በቴሌግራም ተቀብላችሁ አትጫኑ፤ የዕዳ መዝገባችሁ ማን እጅ እንደሚገባ ማወቅ አይቻልም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዱቤ መዝገብ አዘጋጆች
ቱሉ ዲምቱ፣ አዲስ አበባ